ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው፤ ለመርሳት በሽታስ?

የዓለም ጤና ድርጅት ያቋቋመው የማኅበራዊ ትስስር ኮሚሽን እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 2025 ባወጣው ሪፖርት፣ በዓለም ላይ ከ6 ሰዎች አንዱ በብቸኝነት እንደሚቸገርና ከዚሁ ጋር በተያያዘ በየዓመቱ ከ871 ሺህ በላይ ሰዎች እንደሚሞቱ ገምቷል። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ በቺካጎ የራሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 1,923 አረጋውያንን ለዓመታት ተከታትለው አንድ ውጤት አስታውቀው ነበር፦ አዘውትረው ከሰው ጋር የሚውሉት አረጋውያን ከሰው ከራቁት ጋር ሲነጻጸሩ የመርሳት በሽታ የሚጀምራቸው በአማካይ 5 ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንዲህ ያሉ ዜናዎች በእኛ መካከል ሲወሩ ሁለት ዓይነት ትርጉም ይሰጣቸዋል። አንዱ «እኛ እድር አለን፣ ማኅበር አለን፣ ቡና አለን፤ ይህ የፈረንጅ ችግር ነው» የሚል ነው። ሌላው በተቃራኒው «እናቱን ብቻዋን ትቷት ነው የረሳችው» እያለ ልጆችን ይወቅሳል። የመጀመሪያው በቂ ማስረጃ የሌለው መተማመን ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ በበሽታው ላይ ጥፋተኝነትን የሚጨምር ድምዳሜ ነው። ጥናቶቹ የሚሉት ከሁለቱም ይለያል።

መርሳት፣ መጃጀት፣ መገለል

በአማርኛ «የመርሳት በሽታ» የምንለው በሕክምናው ዓለም ዲሜንሺያ የሚባለውን ነው። ዲሜንሺያ የአንድ በሽታ ስም አይደለም። የማስታወስ፣ የማሰብ፣ ሐሳብን በቋንቋ የመግለጽና የዕለት ሥራን በራስ የማከናወን ችሎታን ቀስ በቀስ የሚያሳጡ የበርካታ የአንጎል ሕመሞች የወል መጠሪያ ነው። ከእነዚህ መካከል አልዛይመር ከ60 እስከ 70 በመቶውን ይይዛል። በብዛት የሚታየው ሌላው ዓይነት የአንጎል ደም ሥሮች ሲጎዱ የሚመጣው ነው፤ የደም ግፊትና የስኳር ሕመም ሳይታወቁ ለዓመታት በሚቆዩበት አገር ይህኛው ሊዘነጋ አይገባም። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በ2021 ከበሽታው ጋር የሚኖሩ ሰዎች 57 ሚሊዮን ደርሰው ነበር፤ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚገኙት ደግሞ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። «የፈረንጅ ችግር» የሚለው አባባል እዚሁ ላይ ይፈርሳል።

«ጃጅተዋል» የሚለው ቃል ነገሩን ሁሉ ለዕድሜ ስለሚሰጠው ብዙ ይሸፍናል። የአንድ ሰው ስም ጠፍቶባቸው ማታ ትዝ የሚላቸው አዛውንት አእምሯቸው ዘገየ እንጂ አልታመመም። አርባ ዓመት ከሄዱበት ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ሲመለሱ መንገዱ የሚጠፋባቸው አዛውንት ግን ሐኪም ሊያያቸው ይገባል። ዕድሜ ትልቁ የአደጋ ምክንያት መሆኑ እውነት ነው፤ በሽታው ግን የእርጅና ግዴታ አይደለም።

ሌሎች ሁለት ቃላትም መለየት አለባቸው። መገለል ሊቆጠር የሚችል ነገር ነው፦ በሳምንት ስንት ሰው አገኙ? ከስንት ሰው ጋር ተነጋገሩ? ብቸኝነት ደግሞ ስሜት ነው፤ አንድ ሰው በሚፈልገው ቅርበትና ባገኘው ቅርበት መካከል ያለው ክፍተት ነው። ስምንት ሰው በሚኖርበት ቤት ብቸኝነት ሊኖር ይችላል። ብቻቸውን እየኖሩ ብቸኝነት የማይሰማቸው አዛውንትም አሉ።

ጥናቶቹ ያገኙት

በ2000 በስቶክሆልም ኩንግስሆልመን በሚባል ሰፈር ነዋሪ በሆኑ አረጋውያን ላይ የተሠራ ጥናት፣ ማኅበራዊ ግንኙነታቸው የሳሳ ሰዎች በመርሳት በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ60 በመቶ ገደማ ከፍ ብሎ እንደተገኘ አሳየ። በ2019 ደግሞ ዋይትሆል 2 በመባል የሚታወቀው የለንደን የመንግሥት ሠራተኞች ጥናት ከ10 ሺህ በላይ ሰዎችን ለ28 ዓመታት ተከታትሎ ያገኘውን ይፋ አደረገ። በ60 ዓመታቸው ጓደኞቻቸውን በየቀኑ ማለት ይቻላል ያገኙ የነበሩ ሰዎች፣ በወራት አንዴ ብቻ ከሚያገኙት ይልቅ ለበሽታው የመጋለጥ ዕድላቸው በ12 በመቶ ያነሰ ነበር። የሚገርመው ይህ ግንኙነት የታየው በጓደኞች ላይ ነው፤ ዘመድን በማዘውተር ላይ አልታየም። ወደዚህ ነጥብ እመለስበታለሁ።

ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ሥር የተቋቋመው የባለሙያዎች ኮሚሽን በ2024 ባወጣው ሪፖርት ሊሻሻሉ የሚችሉ 14 የአደጋ ምክንያቶችን ዘርዝሯል። ሁሉም ቢወገዱ በዓለም ላይ ካሉት የመርሳት በሽታ ሕመሞች 45 በመቶ የሚሆኑትን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻል ይሆናል ይላል። ከዚህ ውስጥ የማኅበራዊ መገለል ድርሻ 5 በመቶ ነው፤ የትምህርት ማነስም 5፣ የመስማት ችግር 7፣ መጥፎ የሚባለው የኮሌስትሮል ዓይነት መብዛትም 7።

ይህ 5 በመቶ ብዙ ጊዜ በስህተት ይነበባል። አንዲት እናት ሰው ቢበዛላት አደጋዋ በ5 በመቶ ይቀንሳል ማለት አይደለም። ከሕዝቡ መካከል መገለል ጨርሶ ቢጠፋና ጉዳት ማድረሱም እውነት ቢሆን፣ ከ100 ሕመሞች 5 ያህሉ ባልተከሰቱ ወይም በዘገዩ ነበር ማለት ነው። ስሌቱ የሚናገረው ስለ ሕዝብ ነው፤ ስለ አንድ ቤት ምንም አይነግረንም።

የአእምሮ ስንቅ

ከሰው ጋር መዋል አንጎልን እንዴት ሊጠቅም ይችላል? በብዛት የሚጠቀሰው ማብራሪያ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ያኮቭ ስተርን ካስፋፉት ሐሳብ የሚነሳ ነው። «የአእምሮ ስንቅ» ልንለው እንችላለን። ስንቅ የያዘና ያልያዘ መንገደኛ እኩል ረሃብ ቢገጥማቸውም እኩል አይጎዱም። በተመሳሳይ መንገድ፣ በትምህርት፣ በሥራና በኑሮ ብዙ የነርቭ መንገዶችን ያካበተ አንጎል አንዱ መንገድ በበሽታ ሲዘጋ በሌላው ይሄዳል።

ይህ ሐሳብ ብቻ ሆኖ አልቀረም። የራሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንጎላቸውን ከሞት በኋላ ለምርምር ለመስጠት የተስማሙ አረጋውያንን ይከታተላሉ። በ2006 ባሳተሙት ሥራ፣ በአንጎላቸው ውስጥ ተመሳሳይ መጠን ያለው የአልዛይመር ጉዳት ከተገኘባቸው ሰዎች መካከል ሰፊ የግንኙነት መረብ የነበራቸው በሕይወት ሳሉ በማስታወስና በማሰብ ፈተናዎች የተሻለ ውጤት እንደነበራቸው አሳይተዋል። በሽታው አንጎላቸው ውስጥ ነበር፤ በኑሯቸው ላይ የታየው ግን በትንሹ ነው።

ስንቁ የሚጠራቀመው በምን እንደሆነ ለማየት አንድ የቡና ሥነ ሥርዓትን ማሰብ ይበቃል። ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ አንዲት አረጋዊት አራት ሰው በአንድነት ሲያወራ የአንዱን ድምፅ ለይታ ትሰማለች። ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማን ከማን እንደተጣላ፣ የትኛው ወሬ እማን ፊት እንደማይነሳ ታስታውሳለች። አንቺ ከምትላት ወደ አንቱ ወደምትላቸው ሰው ዞር ስትል አነጋገሯን ትለውጣለች። ነገር በሰም ለበስ ሲነገራት ወርቁን ትፈልጋለች። ትኩረትን፣ ትውስታን፣ ቋንቋንና የሰውን ስሜት ማንበብን በአንድ ጊዜ የሚጠይቅ እንዲህ ያለ ሥራ በመስቀለኛ ቃላት ወይም በስልክ ጨዋታ አይገኝም። ሽምግልና ደግሞ ከዚህ ይከብዳል፤ ሁለት የተጣሉ ወገኖችን ቃል ይዞ፣ አመዛዝኖ፣ ሁለቱንም የማያስቀይም ፍርድ ማውጣት ነው።

ሌሎች መንገዶችም አሉ። የቆየ ብቸኝነት ሰውነትን በጭንቀት ውስጥ ያቆያል፤ እንቅልፍና የደም ግፊት ይዛባሉ፣ ድብርት ይከተላል። ከሁሉ ቀላሉ መንገድ ግን ብዙም አይነገርለትም። ሰው ያላቸው አዛውንት ከቤት ይወጣሉ፣ ይራመዳሉ። እግራቸው ሲያብጥ የሚያይላቸው፣ «የግፊት መድኃኒትዎን ወሰዱ ወይ?» የሚላቸው አለ።

መራቁ ነው ያስረሳው ወይስ መርሳቱ ነው ያራቀው?

ለእነዚህ ጥናቶች ሁሉ ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው። አልዛይመር ምልክቱ በግልጽ ከመታየቱ ከ10 ዓመት በላይ ቀድሞ አንጎል ውስጥ ይጀምራል። በዚያ ጊዜ ሰውየው ወሬ መከታተል ይደክመዋል፤ ስም እየጠፋበት ያፍራል፤ ስለዚህ ከማኅበሩ በሰበብ አስባቡ ይቀራል። ከዓመታት በኋላ በሽታው ሲታወቅ ቤተሰቡ «ከሰው ከራቀ ወዲህ ነው የታመመው» ይላል፤ የሆነው ግን የተገላቢጦሽ ሊሆን ይችላል። የዋይትሆል ጥናት ግንኙነቱን ከምርመራው ከብዙ ዓመታት በፊት፣ በ60 ዓመት ዕድሜ መለካቱ ለዚህ ጥያቄ ከፊል መልስ ይሰጣል። ሙሉ መልስ ግን አይደለም።

የተሻለው መንገድ ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ መሞከር ነው። በአሜሪካ አይ-ኮኔክት በተባለ ሙከራ ከሰው የራቁ፣ ዕድሜያቸው 75ና ከዚያ በላይ የሆኑ 186 አረጋውያን ተሳትፈዋል። ግማሾቹ ለ6 ወራት በሳምንት 4 ጊዜ ለግማሽ ሰዓት ከሠለጠኑ ሰዎች ጋር በቪዲዮ ተጨዋወቱ፤ ሌሎቹ በሳምንት አንድ አጭር ስልክ ብቻ ተደወለላቸው። በመጀመሪያዎቹ የአእምሮ ፈተና ውጤት ላይ መጠነኛ መሻሻል ታየ። በፊንላንድ በ1,260 ሰዎች ላይ ተሞክሮ በ2015 ውጤቱ የታወቀው ጥናት፣ በ2025 ደግሞ 2,111 አሜሪካውያንን ያሳተፈው ተመሳሳይ ሙከራ፣ አመጋገብን፣ እንቅስቃሴን፣ የአእምሮ ልምምድንና የደም ግፊት ክትትልን አንድ ላይ ማድረግ እንደሚጠቅም አሳይተዋል። ሰዎቹ በቡድን መገናኘታቸው ለብቻው ምን ያህል እንደጠቀመ ግን ከእነዚህ ለይቶ ማወቅ አይቻልም።

ስለዚህ በእኔ ሚዛን ማስረጃው የሚፈቅደው ይህን ያህል ነው፦ ከሰው ጋር መኖር በሽታውን እንደሚያዘገይ ማመን ምክንያታዊ ነው፤ የጥቅሙ መጠን ገና አልተለካም፤ የጀመረን በሽታ እንደሚያድን የሚያሳይ ነገር ደግሞ የለም። የረሱ እናት ያላቸው ልጆችን መውቀስ በሳይንሱ አይደገፍም።

«አርፈው ይቀመጡ»

«እኛ ማኅበራዊ ሕዝብ ነን» የሚለውን አስተያየት የሚደግፍ የሚመስል አንድ አፍሪካዊ ጥናት አለ። ናይጄሪያ ውስጥ በኢባዳን የሚኖሩ ዮሩባዎችንና አሜሪካ ውስጥ በኢንዲያናፖሊስ የሚኖሩ ጥቁር አሜሪካውያንን ያነጻጸረው ይህ ጥናት በ2001 ባወጣው ውጤት፣ ዕድሜያቸው 65ና ከዚያ በላይ ከሆኑት መካከል በዓመት በመርሳት በሽታ የሚያዙት በኢባዳን 1.35 በመቶ፣ በኢንዲያናፖሊስ 3.24 በመቶ ሆነው ተገኙ። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ነገር ግን በሁለቱ ከተሞች የሚለያየው የማኅበራዊ ኑሮው ብቻ አይደለም፤ ምግቡ፣ የሰውነት ክብደቱ፣ የደም ግፊቱና የኮሌስትሮሉ መጠንም ይለያያል። አኗኗር በጠቅላላው ድርሻ ሊኖረው እንደሚችል ይጠቁመናል እንጂ እድር እንደሚጠብቀን አያረጋግጥም።

በእኛ ባህል ውስጥ ከዚህ ይልቅ ሊጠና የሚገባው አንድ ነገር አለ። ለሽማግሌ ያለን አክብሮት ብዙ ጊዜ የሚገለጸው ሥራ በማስጣል ነው። «አርፈው ይቀመጡ»፣ «እኛ እንላካለን»፣ «እርስዎ ምን ቸገረዎ?» እንላለን። ለእማማ ቡናው ይፈላላቸዋል፤ የሚያፈሉት ግን እሳቸው አይደሉም። የቤቱን ወጪ ልጅ ይይዛል፤ ገበያ የሚሄደው ሌላ ነው። እንግዳ ሲመጣ በክብር ቦታ ይቀመጣሉ፣ ይሳማሉ፣ ይመርቃሉ፤ ከዚያ ወሬው በጭንቅላታቸው ላይ እያለፈ ይቀጥላል። ይህ ቤት በመገለል መለኪያ ቢለካ መገለል የሌለበት ቤት ይባላል፤ አዛውንቷ በቀን አሥር ሰው ያያሉ። አእምሯቸው ግን ከጠዋት እስከ ማታ ምንም አልተጠየቀም።

የዋይትሆል ጥናት የዘመድ ግንኙነት ከበሽታው አደጋ ጋር ዝምድና እንዳልታየበት መጥቀሱን ከዚህ ጋር አያይዤ ነው የማየው። የለንደን ሠራተኛ የዘመድ ኑሮ ከእኛ ጋር አንድ አይደለም፤ ውጤቱን እንዳለ መገልበጥ አይገባም። ሐሳቡ ግን ያስኬዳል። ጓደኛ ዘንድ ለመሄድ መልበስ፣ መውጣት፣ የሚወራ ይዞ መሄድ፣ ክርክር ቢነሳ መመለስ አለ። ልጅ ዘንድ ግን «ደኅና አደሩ? ምሳ በሉ?» ተብሎ ነገሩ ሊያልቅ ይችላል። የሚጠቅመው አጠገብ ሰው መኖሩ ሳይሆን ከሰውየው የሚጠበቅ ነገር መኖሩ ከሆነ፣ የእድር ገንዘብ ያዥነት፣ የሰንበቴ ተራ ማውጣት፣ የልጅ ልጅን ፊደል ማስቆጠር ከጉብኝት ይልቅ ይመዝናሉ። በኢትዮጵያ የጡረታ መውጫው 60 ዓመት መሆኑም በዚህ ዓይን ሲታይ ከገንዘብ ጥያቄ ይሰፋል፤ ብዙ ሰው በዚያ ዕድሜ የሚያጣው ደመወዙን ብቻ ሳይሆን በየቀኑ የሚጠይቀውን ሰው ነው።

ሰፈር ሲቀየር

አዲስ አበባ ውስጥ ባለፉት 20 ዓመታት በኮንዶሚኒየም ግንባታና በመልሶ ማልማት፣ በቅርቡም በኮሪደር ልማት ምክንያት ብዙ ነባር ሰፈሮች ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛውረዋል። ለወጣት ይህ የትራንስፖርት ጉዳይ ነው። ለ75 ዓመት አዛውንት ግን ሰፈሩ የትውስታቸው ውጫዊ ማኅደር ነበር፤ ማን የት እንደሚገኝ፣ በየት በኩል እንደሚታለፍ እግራቸው ያውቀው ነበር። እድሩ በስም ይቀጥላል፤ ሁለት ታክሲ ተይዞ የሚኬድበት ለቅሶ ግን ቀስ በቀስ በልጅ ይተካል። ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ የደረሳቸው አዛውንት ደግሞ ጉልበታቸው ሲደክም ከቤት ሳይወጡ ይቀራሉ።

በሌላ ወገን የሚነሳውም ክርክር ውኃ ያነሳል። የድሮዎቹ የቀበሌ ቤቶች ብዙዎቹ የጋራ ሽንት ቤት ያላቸው፣ በጭስ የታፈኑ ነበሩ፤ የአየር ብክለትም ከ14ቱ የአደጋ ምክንያቶች አንዱ ነው። ጥያቄው መዛወሩ ላይ ሳይሆን ጎረቤታሞች ተበታትነው ወይስ አንድ ላይ ተዛወሩ የሚለው ላይ ነው። አረጋውያን ምድር ቤት እንዲደርሳቸው ማድረግና ነባር እድርተኞችን በአንድ ሳይት ማስፈር ከሕንፃው ዋጋ አንጻር ትንሽ ነገር ነው።

በውጭ አገር ደግሞ መልኩ ይለወጣል። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሚኒያፖሊስ ወይም በለንደን ልጆቻቸው የወሰዷቸው ወላጆች ብዙዎቹ የልጅ ልጅ ይጠብቃሉ። ሕፃኑ ትምህርት ቤት ሲገባ ያ ሥራ ያልቃል፤ የልጅ ልጁ በእንግሊዝኛ ሲያወራ ጨዋታው ይቋረጣል፤ መኪና ለማይነዳ ሰው ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ልጅ እስኪመች ይጠበቃሉ። የሚቀረው ቀኑን ሙሉ የተከፈተ የሳተላይት ቴሌቪዥን ነው። በእስራኤል በ1984 እና በ1991 በነበሩት ዘመቻዎችና ከዚያም በኋላ የሄዱ የቤተ እስራኤል ሽማግሌዎች ሌላ ዓይነት ኪሳራ ገጥሟቸዋል። በጎንደርና በትግራይ መንደሮቻቸው ነገር የሚቆርጡ ሰዎች፣ ዕብራይስጥ የሚያውቅ ልጅ እንዲያስተረጉምላቸው የሚለምኑ ሆኑ። ሰው አላጡም፤ ያጡት ቦታቸውን ነው።

ጆሮና ዓይን

ላንሴት ለመስማት ችግር ከመገለል የበለጠ ድርሻ መስጠቱ ድንገት አይደለም፤ ሁለቱ ይያያዛሉ። በደንብ የማይሰሙ ሰው መጀመሪያ ይገምታሉ፣ ቀጥሎ ተሳስተው ይመልሳሉ፣ ከዚያ ዝም ይላሉ። ቤተሰቡ ዝምታውን «ረጋ አሉ» ወይም «ጃጁ» ብሎ ይተረጉመዋል። በ2023 ውጤቱ በታወቀውና 977 አረጋውያን በተሳተፉበት አቺቭ በተባለ ሙከራ፣ የመስሚያ መሣሪያ በተሳታፊዎች ሁሉ ላይ ሲታይ ለውጥ አላመጣም፤ አስቀድሞ ለአደጋው በተጋለጡት ላይ ግን የአእምሮ መድከሙን በ3 ዓመት ውስጥ በ48 በመቶ አዝግሞታል። የማየት ችግርም በ2024ቱ ዝርዝር ገብቷል።

ለእኛ ይህ ክፍል ከሁሉ የተሻለ ተስፋ ያለበት ይመስለኛል። የመስሚያ መሣሪያ ውድ ነው፤ የጆሮ ኩክ ማስወጣት ግን ውድ አይደለም። የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምናም በአገሪቱ በዘመቻ ጭምር ለዓመታት ሲሰጥ የቆየ ነው። «ረሱ» ተብለው የሚመጡ አዛውንት ከሌላ ነገር ሁሉ በፊት ጆሯቸውና ዓይናቸው ቢታይ፣ ድብርት እንዳለባቸውና የሚወስዷቸው መድኃኒቶችም ቢጣሩ፣ ከመካከላቸው ሊታከም የሚችል ነገር የሚገኝባቸው አይጠፉም።

ቀጥሎ የሚመጣው

የኢትዮጵያ ሕዝብ ወጣት ነው፤ 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው ከመቶ 5 ገደማ ነው። ቁጥሩ ግን ከድርሻው በፍጥነት ያድጋል፣ ምክንያቱም ሰው ከቀድሞው ይልቅ ረጅም ዕድሜ እየኖረ ነው። በዚያው ልክ ልጆች ወደ ከተማ፣ ወደ ዓረብ አገርና ወደ ምዕራብ ይሄዳሉ። አዛውንትን የሚጠብቀው የቤተሰብ ሥርዓት በአንድ ሰው፣ ብዙ ጊዜ በአንዲት ልጅ ወይም ምራት ላይ እየወደቀ ነው።

ይህች ሴት በብዙው ውይይት ውስጥ አትገኝም። እናት መንገድ መሳሳት ከጀመሩ ወዲህ ብቻቸውን ሊተዉ ስለማይችሉ እሷም ከማኅበር ቀርታለች፤ እቁቧን ለእህቷ ሰጥታለች፤ ሌሊት ስለሚነሡ አትተኛም። በአሜሪካ ዩታ ግዛት በ1,221 ባልና ሚስቶች ላይ ተሠርቶ በ2010 የታተመ ጥናት፣ የትዳር ጓደኛቸው በመርሳት በሽታ የተያዘባቸው ሰዎች ራሳቸውም በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ 6 እጥፍ ሆኖ አግኝቶታል። ጥንዶቹ አንድ ዓይነት ምግብ ስለሚበሉና በአንድ ቤት ስለሚኖሩ ሁሉም በማስታመሙ የመጣ ነው ማለት አይቻልም፤ ተመራማሪዎቹ ግን የአስታማሚው ድካምና ጭንቀት ድርሻ እንደሚኖረው ይጠረጥራሉ። የእድር ሴቶች ታማሚን ለመጠየቅ ሲመጡ እንደ ልማዱ ሁሉም አንድ ላይ ገብተው አንድ ላይ ይወጣሉ። ሁለቱ ከእናትየዋ ጋር ቀርተው ልጅቷ ለሦስት ሰዓት ከቤት እንድትወጣ ቢያደርጉ፣ በዚያች ከሰዓት በኋላ የሚጠየቁት ሁለት ሰዎች ይሆናሉ።